የጠፈር ልብሱ ምስጢር የማን ነው?

ፊኛ ነፍታችሁ መሃሉን ለማጠፍ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እሺ አይልም። የጠፈር ልብስም ችግሩ ይኸው ነው። ጠፈርተኛው እንዲተነፍስ ልብሱ ውስጥ ኦክስጅን ይሞላል፤ ውጭው ባዶ ስለሆነ ልብሱ እንደ ፊኛ ተወጥሮ ይገተራል። ክንዱን ሊያጥፍ ሲል ክርኑ ጋ ያለው ቦታ ይጠባል፣ ጋዙ ይታመቃል፣ ክንዱን መልሶ ይገፋዋል። ሙያው እንግዲህ ሲታጠፍ የማይጠብ መገጣጠሚያ መሥራት ነው። የላስቲኩ ውፍረት፣ ማጣበቂያው፣ ስፌቱ፣ ሁሉም በብዙ ሙከራ የሚገኝ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ የነበረው የጎማ አምራች ቢ. ኤፍ. ጉድሪች ነው። ጆን ግሌን በፌብሩዋሪ 1962 ምድርን ሲዞር የለበሰው ጉድሪች የሠራውን ልብስ ነበር። የጠፈር ልብስ ክፍሉን የሚመራው ዶናልድ ዎልገሙት የሚባል የኬሚካል መሐንዲስ ነው፤ በ1954 ሲቀጠር የድርጅቱን ምስጢር ላለማውጣት ፈርሟል።

በዚያው በ1962 ግን የአፖሎን፣ ማለትም የጨረቃውን ጉዞ ልብስ የመሥራቱ ዕድል ለኢንተርናሽናል ላቴክስ ደረሰ። አዎ፣ ፕሌይቴክስ በሚል ስም የሴቶች የውስጥ ልብስ ለሚሸጠው ድርጅት! (ላስቲክን ሰውነት ላይ ልክክ አድርጎ መሥራት የእነሱ ሙያ ስለነበር ያን ያህል አይግረማችሁ።) ላቴክስ ለዎልገሙት የተሻለ ደሞዝ አቀረበለት፣ እሱም ተቀበለ። ጉድሪች ውስጥ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሲነሳበት፣ ታማኝነትም ሥነ ምግባርም ዋጋ አላቸው፣ ላቴክስ ደግሞ ዋጋውን ከፍሏል የሚል መልስ ሰጠ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የጉድሪችን የእገዳ ጥያቄ አልተቀበለም። የኦሃዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1963 ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው፦ ሰውየው ለተፎካካሪ መሥራት ይችላል፣ ልምዱና ችሎታው የራሱ ነው፤ የጉድሪችን የንግድ ምስጢር ግን መግለጥ አይችልም። ምስጢር አውጥቷል የሚል ማስረጃ ገና አልነበረም። ዳኞቹ ግን ስጋቱ ብቻውን ለእገዳ ይበቃል አሉ፤ ያቺ የ«ዋጋ» ንግግርም ተጠቀሰችበት።

በፍርዱ እስማማለሁ። ሥራ እንዳይቀይር መከልከል ሰውን ለአንድ አሠሪ ማሰር ነው። ንድፍ ይዞ መውጣትም ስርቆት ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን መስመሩ ይደበዝዛል። አሥር ማጣበቂያ ሞክራችሁ ዘጠኙ ተላቀቁ እንበል። አዲሱ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ልጅ ከዘጠኙ አንዱን ሊሞክር ሲነሳ ምን ትላላችሁ? ዝም ካላችሁ የልጁ የወር ልፋት ገደል ገባ። «ተወው፣ አይሠራም» ካላችሁ ደግሞ የቀድሞ አሠሪያችሁ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ውጤት በሁለት ቃል ሰጣችሁ። ጭራሽ ምንም ሳትናገሩ፣ በራሳችሁ ሙከራ ላይ ዘጠኙን ዝም ብላችሁ ብትዘሉስ? ይህን የትኛውም ዳኛ አያየውም። እኔ ብሆን ለአዲሱ አለቃዬ ገና ከመጀመሩ «እዚህ ጉዳይ ላይ አታስገባኝ» እለው ነበር፤ ይህም ቢሆን የተቀጠርኩበት ሥራ ራሱ ያ ከሆነ ብዙ አያስኬድም።

በጁላይ 1969 ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ የቆመው በላቴክስ ልብስ ነው። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው የላስቲክ መገጣጠሚያ ግን ላቴክስ ራሱ፣ ዎልገሙትን ከመቅጠሩ በፊት ሲሠራበት የቆየ ነበር።