መጽሐፍ ወደ ተማሪው ሲሄድ

ሰው ዕውቀትን ለመፈለግ በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጠላት ርቀት ነው። የሚፈልገው መጽሐፍ እርሱ ባለበት አገር አይገኝም፤ ቢገኝም በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ከእጁ ቢገባም የሚመልስበት ቀን ተቈርጦለታል። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ታሪክ በአጭሩ ሲታይ ይህን ርቀት ለማሸነፍ የተደረገ የረጅም ዘመን ትግል ነው። በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ርቀቱን ከሞላ ጐደል አሸንፈውታል። ነገር ግን ርቀት ከተሸነፈ በኋላ የሚቀር ሌላ ሥራ መኖሩን ወጣቶች እንዲገነዘቡት ስለምፈልግ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በታሪክ ምስክርነት ለመግለጽ እሞክራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞው የአገራችን ትምህርት ተማሪው ወደ መጽሐፉ ይሄድ ነበር እንጂ መጽሐፉ ወደ ተማሪው አይመጣም ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም፥ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፥ አቋቋምና ትርጓሜ የፈለገ ወደ ጎንደር አኰፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይጓዛል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የሚበቃው ብራና ከብዙ ፍየልና በግ ቆዳ የሚወጣ ነው፤ ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፤ ከደረቀም በኋላ ተቈርጦ ይሰመራል፤ ቁም ጸሐፊውም ቀለሙን በጥብጦ፥ ብርዑን ቀርጾ ወራት ሙሉ ይጽፋል። መጽሐፍ እንዲህ ውድ ስለ ነበረ ብዙው ተማሪ የራሱ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ከመምህሩ አፍ የሰማውን በቃሉ ይይዛል። የተማሪው ቤተ መጻሕፍት የገዛ ልቡ ነበር ማለት ይቻላል።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1950 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመከፈቱ ተጀመረ፤ በ1961 ኮሌጆቹ ተጠቃለው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠርቶ ስለ አገራችን የተጻፈውን ከያለበት ይሰበስብ ጀመር። ከዚህ በኋላ ተማሪው አገር ላገር መዞሩ ቀርቶለት ወደ አንድ አዳራሽ መግባት በቃው። ሆኖም አዳራሹም የራሱ ወሰን ነበረው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ አንዱ ተማሪ ከወሰደው ሌላው እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃል። መጽሐፉ መኖሩን ለማወቅም በትንንሽ መሳቢያዎች የተደረደሩትን ካርዶች አንድ በአንድ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ይህን የካርድ ሥራ የለወጠው ዘዴ የተጀመረው በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት ነው። በ1967 የዚያ ግዛት ኮሌጆች ተባብረው አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ መሪውም ፍሬድሪክ ኪልጎር የተባለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። ምክንያታቸው ቀላል ነው። አንዱን መጽሐፍ ሃምሳ ኮሌጆች ቢገዙት፥ ሃምሳ ሠራተኞች በየቤታቸው ያንኑ መጽሐፍ እንደ አዲስ ይመዘግቡታል። አንዱ የመዘገበውን ሌሎቹ በኮምፒዩተር ቢቀበሉት ግን ድካሙ ለሁሉም ይቀላል። በኦገስት 26 ቀን 1971 የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በዚህ መንገድ መሥራት ጀመረ፤ በመጀመሪያውም ቀን 133 መጻሕፍት ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በዓለም ተስፋፋ፤ ማኅበሩም ለቤተ መጻሕፍት ሲያትመው የነበረውን ካርድ በ2015 ለመጨረሻ ጊዜ አትሞ አቆመ።

ከዝርዝሩ በኋላ ተራው የጽሑፉ የራሱ ሆነ። በ1995 ጄስቶር የተባለው ድርጅት በአሜሪካ ሲቋቋም ዓላማው የቤተ መጻሕፍትን መደርደሪያ ያጣበቡት የቆዩ የምርምር መጽሔቶች በኮምፒዩተር እንዲነበቡ ማድረግ ነበር። በ2002 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ስለ ጀመረ፥ ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች ያሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ውድ የሆኑትን መጽሔቶች ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ ለማንበብ ቻሉ። ዛሬ በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸውን መደርደሪያ ከውጭ አገር በተገዛ መጽሐፍ መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ይህ አዲስ ዘዴ ለድኻ አገር ተማሪ ታላቅ ጸጋ መሆኑን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኛን በቅርብ የሚነካን የብራና መጻሕፍቶቻችን ነገር ነው። እሳት፥ ዝናብ፥ ምስጥ፥ ሌባና ጦርነት የብራና ጠላቶች ናቸው። መጽሐፉ ቢጠፋ እንኳ ምስሉ እንዲቀር በማሰብ፥ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና የአገሩ መንግሥት በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ቤት ጋር ተባብረው በ1973 መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። በመጪው ዓመት መንግሥት ተለወጠ፤ ጦርነትና መከራም ተከተለ፤ ሥራው ግን ቀጥሎ ከ9000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ። ከነዚህም አንዱ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ነው። ፊልሙም በኋላ ወደ ዲጂታል ምስል መለወጥ ስለ ጀመረ፥ ዛሬ ስሙን ያስመዘገበ አንባቢ ሁሉ ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ያያቸዋል። ቀድሞ ሐይቅ ድረስ በእግር ሄዶ፥ መነኰሳቱንም አስፈቅዶ ያልነበረ ሰው የማያየውን፥ ዛሬ የደሴ ወይም የጅማ ተማሪ በስልኩ ሊያየው ይችላል።

እንግዲህ መጽሐፉ ተነሣ፤ ምስሉም ተጠበቀ፤ ታዲያ ሥራው ተፈጸመን? አልተፈጸመም። በፊልሙ ያለው ድርሳን ይሁን ገድል፥ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ፥ በኅዳጉም ምን ዐይነት የታሪክ ማስታወሻ እንዳለ ካልታወቀ፥ ፊልሙ ቁልፍ የሌለው ሣጥን ነው። ይህን ሣጥን ከከፈቱት ሰዎች ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኒህ ሰው በደርግ ዘመን፥ በ1975፥ በአዲስ አበባ ከቤታቸው ሳሉ በጥይት ቈስለው መራመድ ተሳናቸው። በ1976 ወደ ሚኒሶታ ሄደው፥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፥ ከአገራቸው የመጣውን ፊልም ገጽ በገጽ ያነቡ ጀመር። ዊሊያም ማኮምበር ከተባሉት ሊቅ ጋርና ብቻቸውንም ሆነው ዝርዝሩን አዘጋጁ። በ1993 አሥረኛው ቅጽ ሲታተም ዝርዝሩ 5000ኛውን መጽሐፍ ደረሰ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስለ ተሰደዱት መነኰሳት፥ ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስም ጽፈው ታሪካቸውን ለአማርኛ አንባቢ አደረሱ። እስከ 2021 ዕለተ ሞታቸው ድረስም ከመጻሕፍቱ አልተለዩም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ እንድታስብ እለምንሃለሁ። ካሜራው አንዱን ገጽ በቅጽበት ያነሣዋል፤ ያንኑ ገጽ አንብቦ ለመረዳት ግን አንድ ሰው ግእዝ ለመማር ያጠፋቸው ዓመታት ሁሉ ያስፈልጉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከተደከመ በኋላ ከ9000 መጻሕፍት የታተመው ዝርዝር 5000 ላይ መድረሱ የሚያሳየው የሊቃውንቱን መዘግየት ሳይሆን የንባብን ክብደት ነው። መሣሪያው መጽሐፉን ወደ ደጅህ ያመጣልሃል፤ ወደ ልብህ የሚያስገባልህ ግን አይደለም።

ሌላም ትምህርት አለ። በኦክቶበር 2023 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተጠቃ። ወንበዴዎቹ ገንዘብ ጠየቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም ስላለ የሰረቁትን መረጃ በተኑት። የመጻሕፍቱ ዝርዝር እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ በኢንተርኔት አልተገኘም፤ የተመለሰውም በከፊል ነበር። በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የጥንት ጽሑፎች ምስሎችም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ተሰወሩ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍታችን ከሚገኙባቸው ቤቶች ዋናው ይህ ነው። ብራናው ግን በመደርደሪያው እንዳለ ነበር፤ ወንበዴው በሽቦ መጥቶ ብራና መስረቅ አይችልም። ስለዚህ ምስሉ አለን ብሎ ብራናውን ለዝናብና ለነጋዴ የሚተው ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ይሆናል።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ፥ ሲጠይቁት እንደ ሰው ጽፎ የሚመልስ የኮምፒዩተር መሣሪያ በተማሪዎች ዘንድ ተለምዷል። ይህም ለሚያውቅበት ጠቃሚ ነው፤ እኔ መሣሪያውን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን ሌላው ያነበበለትን ብቻ ይዞ ዲግሪ የሚቀበል ተማሪ፥ ሌላ ሰው በልቶለት እርሱ ጠገብሁ እንደሚል ነው። መሣሪያው ሲሳሳትም፥ ራሱ ያላነበበ ሰው ስሕተቱን በምን ያውቀዋል?

አባቶቻችን መጽሐፍ አጥተው ንባብን አጸኑ፤ እኛ መጽሐፍ ሞልቶልን ንባብን እንዳናጣ ያስፈራል። የጥንቱ ተማሪ በእግሩ ይከፍለው የነበረውን ዋጋ ዛሬ መሣሪያው ከፍሎልናል፤ በልቡ ይከፍለው የነበረውን ግን ማንም አይከፍልልንም። ስለዚህ በኢንተርኔት ያገኘኸውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው፤ ያልገባህን መምህር ጠይቅ፤ የተጻፈበትን ቋንቋ ተማር፤ በአጥቢያህ ያለውንም ብራና ከሚጠብቁት ጋር ጠብቅ። ካልተነበቡት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም አንባቢያቸውን ይጠብቃሉ፤ ያም አንባቢ አንተ ልትሆን ትችላለህ።