«ተማሪ ተኮር» ከመባሉ በፊት

ካምፓስ የዋለ ሁሉ «ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴ» የሚለውን ሐረግ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ትርጉሙን የተማርነው ወንበር ክብ አድርገን በመደርደር ነው። ሐረጉ ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንሂድባቸው) በየሰነዱ ገባ፤ በ2003 ደግሞ መምህራንን በዚሁ መንገድ የሚያሠለጥን «ሃየር ዲፕሎማ» ተጀመረ። ሲነገረን ነገሩ ሁሉ ትናንት በአውሮፕላን የመጣ ይመስል ነበር።

ቅኔ ቤቱንስ ምን እንበለው? እዚያ ተማሪው ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይመለሳል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ እየከበደ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይወጣል። የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ የለም። የዋሸራው ካልበቃው ስንቁን ይዞ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ገነት ነበር አላልንም፤ መምህሩ እንደ ንጉሥ ነው፣ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉ ጥቂቶች በቀር ሴቶች አልገቡበትም። ግን ማንም ሰምቶ ብቻ ቅኔ አልተማረም።

በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይህን ልማድ አልወረሰም። እንግሊዝኛ፣ ሌክቸር፣ ደብተር፣ ፈተና ሆነ። አንድ ጥሩ ነገር ግን በ1964 መጣ፦ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፣ አብዛኛውም ያስተምራል። በደብተሩ ያልነበረውን ጭሰኛ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ፤ ያየውንም ካምፓስ አምጥቶ ተከራከረበት። መንግሥት ይህን አስቦ የላከው አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ ፈሰሰ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከ40 በላይ ሆኑ፣ ክፍሎቹ ሞሉ፣ ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት መጣ። በወረቀት ላይ እርስ በርስ መማሪያ ነበር። በተግባር ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን አለ የሚመዘገብበት ሆነ ብለው ብዙዎች አማርረውበታል። ለእኛ ከዚያ ያልተናነሰው ጉዳይ የተማሪው ሥራ የት ገባ የሚለው ነው። ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ፣ «እስቲ ፍታው» ሲባል ይጋለጣል። በእኛ ግሩፕ ግን አንዱ አሳይመንቱን ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ለሁሉም አንድ ማርክ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ መምህር እስካሁን አላጋጠመንም።