ራሳችንን መከላከል ለመልመድ ልብ ከየት እናምጣ?

እህቶቼ፣ የቅዳሜው ራስን የመከላከል ሥልጠና በስብሰባችን ላይ ሲነሣ 21 ሴቶች ስማቸውን አስመዘገቡ። በሁለተኛው ሳምንት የተገኘነው 9 ነበርን። በሦስተኛው 4 ሰው ብቻ ሲመጣ ከቀሩት አንዷ እኔ ነበርኩ። የማኅበሩን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የራሴንም መቅረት አልደብቅም። «በዚህ ዕድሜያችሁ ሱሪ ለብሳችሁ ልትታገሉ ነው?» የሚለውን የሰፈር ወሬ ሰበብ አደረግሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ይጠቅመኛል ብዬ አላመንኩም ነበር።

ከ4 ዓመት በፊት የማኅበራችንን ገንዘብ ይዤ ከአምባው ቁልቁል ስወርድ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ጨመደደኝ። ጩኸት እንኳ አልወጣኝም። እንጨት የተሸከሙ ሁለት እናቶች ከታች ብቅ ሲሉ ለቆኝ ሄደ። ገንዘቡ አልጎደለም፣ በማግስቱ በደረሰኝ አስረክቤዋለሁ። ቤት ስደርስ ግን መጀመሪያ የተጠየቅሁት «ብቻሽን ምን አወጣሽ?» ተብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰውየው ይልቅ የራሴ እጅ ነው የሚያሳፍረኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ አቀበት የምወጣ ሰው ነኝ። ያ እጅ እንዴት ደነዘዘ?

ከሥልጠናው በቀረሁባት ቅዳሜ ቤት ተቀምጬ ታሪክ ሳገላብጥ ዋልኩ። ከእኛ በፊት የነበሩት ልብ ከየት አገኙ ብዬ ነው።

ከራሳችን ከወሎ ልጀምር። በ1850ዎቹ የወሎን ምድር ከሚገዙት መካከል ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት። እርስ በርሳቸው ይፎካከሩም ነበር። በ1857 ዓ.ም. ያኔ ወጣት የነበሩት ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ገቡ። የወርቂት ልጅ አመዴ ደግሞ መቅደላ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ምኒልክን መልሶ መስጠት ልጅን ማስለቀቂያ ሊሆን ይችል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በማምለጡ ተቆጥተው አመዴን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። ወይዘሮዋም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። እናት ሆኜ ሳነበው አንጀቴን በላኝ። ልጇ የተገደለባት ሴት በዚያ ሰዓት ተቀምጣ ማልቀስ ትችል ነበር። እሳቸው ግን ጠላታቸውን የሚጎዳው ምን እንደሆነ አሰቡ።

ከአምባችን ወርደን የምንደርስባት ውጫሌም የራሷ ታሪክ አላት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን የኢጣሊያ ጥገኛ ለማድረግ ሲጠቀስ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። መቀሌ ላይ የመሸገውን የጠላት ጦር ከውኃው ምንጭ በመለየት እጁን እንዲሰጥ ያደረገው ምክርም የእሳቸው ነው ይባላል። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ የደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ ተዋግተዋል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ግን ልቤ ብዙም አልሞቀም። እነዚህ እመቤቶች ከኋላቸው ጦር ነበራቸው፤ የጌታ ልጆች፣ የጌታ ሚስቶች ነበሩ። ጀሪካን ይዛ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከኋላዋ ማን አላት? አምባችን እንኳ ራሱን የሚከላከለው በገደሉ ነው። ነገሥታቱ የራሳቸውን ልጆች እዚህ ያስቀመጡት የገደሉን ነገር አውቀው ነው። እኛ ግን ገደል አልተሠራልንም።

ልቤን ያነሣሣኝ ካልጠበቅሁት ቦታ መጣ። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል እንግሊዛዊት ተቀብራለች። በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ለንደን ውስጥ ማሳተም የጀመረች፣ በ1948 ዓ.ም. መጥታ አዲስ አበባ የኖረች ናት። ያረፈችው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው፤ የእኛ ግሸን ሊነግሥ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ይህችን ሴት ሁላችንም ለሀገራችን በዋለችው ውለታ እናውቃታለን። ወጣት ሳለች ከእናቷ ከኤመሊን ጋር ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ደጋግማ እንደታሰረች ግን ብዙዎቻችን አንሰማም። እ.ኤ.አ. በ1913 ፖሊስ እነዚህን ሴቶች እየለቀቀ እንደገና ሲያስራቸው፣ 30 ያህል ሴቶች ለኤመሊን ጠባቂ ሆነው ተደራጁ። ያሠለጠነቻቸው ኢዲት ጋሩድ የምትባል የጁጁትሱ መምህርት ነበረች። ጁጁትሱ የሚባለው የጃፓን ትግል የባላጋራን ጉልበት መልሶ በራሱ ላይ የሚያውል ነው። የኢዲት ቁመት 1 ሜትር ከ50 ገደማ ነበር፤ ከእኔ ታጥራለች! ሲልቪያም በዚያው ዓመት ሴቶች ይህን ትግል እንዲማሩ በአደባባይ ትቀሰቅስ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ጦር የሌላቸው ተራ ሴቶች ናቸው። በተፈጥሯቸው ደፋር ስለሆኑ አይደለም የተማሩት፤ ተይዘው ስለሚያውቁና እንደገና እንደሚያዙ ስለሚያውቁ ነው።

የእኛዋ አበራሽ በቀለ ግን የሚያስተምራት አልነበረም። በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ከተደፈረች በኋላ ጠመንጃ አግኝታ ስታመልጥ ተከታተሏት፤ ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለችው። ተከሳሽ የሆነችውም እሷ ናት። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ያኔ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ማኅበር፣ በመዓዛ አሸናፊ በኩል ጥብቅና ቆሞላት ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ ተከራከረ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በነፃ ተለቀቀች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። በቋንቋችን ያ ቃል የጀግናዋም ነው፣ የጥቃቱም ነው።

በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ይህን ሰርዞ፣ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 78 ደግሞ የሚደርስብንን ሕገ ወጥ ጥቃት ከመጠን ባላለፈ መንገድ መመከት ወንጀል እንዳልሆነ ይናገራል። ይህን ጽፌ የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ «ብትመቺው አንቺው ትታሰሪያለሽ» የምትሉኝ ቆማችሁ አንብቡት።

ቁጥር ለምትወዱ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 900 የሚጠጉ ሴት ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። አደጋን ቀድሞ ማወቅን፣ የሚያውቁትን ሰው ጭምር እምቢ ማለትንና በአካል መታገልን የሚያስተምር 12 ሰዓት ሥልጠና ካገኙት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የተደፈሩት ከመቶ 5 ገደማ ናቸው። ካልሠለጠኑት ግን ከመቶ ወደ 10 ይጠጋሉ። 12 ሰዓት ማለት የእኛ ስድስት ቅዳሜ ነው።

አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን ያስተማረችን መምታት አልነበረም። «ጩኹ» አለችን። አንዳችንም አልቻልንም፤ ነጠላችንን አፋችን ላይ ይዘን ሳቅን። ወንዶቹ ልጆቻችን በእረኝነት ገና በ7 ዓመታቸው ትግል ይለምዳሉ፤ እየወደቁ እየተነሡ፣ ሳይታሰብ ሲያዙ እጃቸው የሚያደርገውን ያውቃል። እኛን ግን ከልጅነታችን «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ብለው አሳደጉን። ያን ዕለት ገደሉ ላይ ድምፄ የጠፋው ፈሪ ስለሆንኩ ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ለምዶ ስለማያውቅ ይመስለኛል።

በሚመጣው ቅዳሜ ሥልጠናው ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምራል። ሱሪውን ከእህቴ ልጅ ተውሻለሁ። የተገኙትን የምመዘግበው እኔው ነኝ።