የአዊ ሴቶች አለባበስ፤ ከለፋ ቆዳ እስከ ፋብሪካ ጨርቅ

ስለ ባሕል ልብስ በተነገረ ቁጥር ነጭ የጥጥ ቀሚስና ነጠላ ወዲያው ወደ ሐሳባችን ይመጣል፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነውም ይባላል። ይህ አነጋገር በአዊ ምድር፣ ይልቁንም ደጋ በሆነው በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ፣ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ለዚህ ጉዳይ ከሚጠቅሙን የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት በ1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1770) ከዘንገና በስተ ምሥራቅ ወደምትገኘው ሰከላ መጥቶ ግሽ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው መጽሐፉ እንደሚናገረው፣ በዚያ አገር የሚኖሩት አገዎች በራሳቸው ዘዴ አልፍተው ያለሰለሱትን ቆዳ በዝናብና በብርድ ወራት ይለብሱ ነበር። ያገባች ሴት ልብስ እንደ ሸሚዝ ሆኖ እስከ እግር የሚደርስና በወገብ የሚታጠቁት ነበር፤ ከታችኛው እጥፍ አንዱን ወደ ትከሻዋ መልሳ በደረትዋ ላይ በሹል ማያያዣ ታያይዘዋለች፤ ልጅዋንም በዚሁ እጥፍ ታዝላለች።

ብሩስ እንግዳ ነው፤ በሰከላ የቆየውም ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሰው ጠባይ የጻፈውን በጥንቃቄ ልናነበው ይገባል። ልብስ ግን በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ደግሞም አገዎች ለጎንደር ከብት፣ ማር፣ ቅቤና ቆዳ ያቀርቡ እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። ከብት በበዛበትና ብርድ በሚጠናበት አገር ቆዳ መልበስ የአገርን ሀብት በሚገባ መጠቀም እንጂ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም።

ጥጥ ግን የቆላ ተክል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዘንገና አይበቅልም። ስለዚህ ለደገኛይቱ የአዊ ሴት ጥጥ ከገበያ የሚመጣ እንግዳ ነበር። ጥጡ እንግዳ ቢሆንም ፈትሉ የእርስዋ ሆነ፤ መዳመጡና በእንዝርት መፍተሉ የሴት፣ ሽመናው የሸማኔ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ለውጥ የመጣው ከፋብሪካ ነው። አስቀድሞ አቡጀዲ የተባለው የውጭ አገር ጨርቅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በዘንገና አጠገብ ስለሚያልፍ የፋብሪካ ልብስ እስከ ደጃፍ ደረሰ። ዛሬማ የጥበብ ቀሚስ ጥለት እንኳ በጨርቅ ላይ ታትሞ ከባሕር ማዶ ይመጣል።

በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማሕተማ ጋንዲ የእጅ ፈትልን የነፃነት ትግል መሣሪያ ስላደረጉት፣ አንዲት ሴት የለበሰችው ሳሪ በማን እጅ ተፈተለ የሚለው ጥያቄ የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን እንዝርት ከብዙ ሴቶች እጅ የወጣው ያለ ክርክር ነው። በዚህም የሴትዮዋ ድካም እንደ ቀነሰ አንክድም። ነገር ግን ከልብሱ ሠሪዎች አንዷ የነበረችው ገዢ ብቻ ሆና ቀርታለች።

እንግዲህ «ጥንታዊ» የምንለው ነጭ ልብስ በዘንገና ደጋ ራሱ የአንድ ለውጥ ፍሬ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቆዳ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ከእናት ገላ ቢወርድም በሕፃኑ አንቀልባ እናገኘዋለን። ስለዚህ አንዱን ልብስ ብቻ ባሕል፣ ሌላውን ባዕድ ብለን ከመፍረድ፣ እያንዳንዱ በማን እጅና በምን ጥበብ እንደ ተሠራ ብንመረምር ይሻላል። ቆዳ ማልፋትንና ፈትልን የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ሳሉ ጥበቡንና የመሣሪያዎቹን የአገውኛ ስም መዝግቦ ማቆየት የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው እንላለን።