ማኅደር የሌለው ሰው

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። ይህን ብሂል በልጅነቴ ስሰማው ስለ ርስትና ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ባንክ ቤት ተቀጥሬ ሐሙሲት ከመጣሁ በኋላ ግን ስለ እንጀራም የተነገረ መሆኑን ተረዳሁ። በመስኮቴ በኩል ከሚያልፉት ወረቀቶች አንዱ የአሠሪ ደብዳቤ ነው፤ እገሌ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ሥራ፣ በዚህ ደመወዝ እያገለገለ ይገኛል የሚል ሦስት መስመር። ሦስቱን መስመር የያዘ ሰው ብድር ይጠይቃል፣ ለወዳጁ ዋስ ይቆማል። ያልያዘው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ቢለፋም ለወረቀቱ ዓለም ገና አልተወለደም።

ውድ አንባቢያን፣ በአገራችን ማኅደር ሲባል ዳዊቱ የሚከተትበት የቆዳ ሰገባ ትዝ ይለናል። መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛውን ፋይል “የግል ማኅደር” ብለው መጥራታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማኅደር ማደሪያ ነውና፣ የሰው ድካም የሚያድርበት ቤት ማለት ይሆናል። ታዲያ ስንቱ ድካም ነው ቤት አጥቶ ሜዳ ላይ ያደረው?

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ጥበብ አዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሰባት ቶን ያህል ይመዝን የነበረው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተትም ወራት ፈጅቷል። ከጋፋት ሠራተኞች መካከል ቴዎፊል ዋልድማየር ትዝታውን ጽፎ አሳትሟል፤ የጓደኞቹም ስም በየመጽሐፉ ሰፍሮ ይገኛል። ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ የነፋው፣ ድንጋይ ፈንቅሎ መንገድ የጠረገው፣ ያን ክብደት በጠፍር እየሳበ ገደል ያሻገረው የአገሬው ሰው ግን በታሪክ የሚታወቀው በብዛቱ እንጂ በስሙ አይደለም። የመድፉ ስም ተጽፏል፤ የጎታቹ አልተጻፈም።

ጉልበት በሕግ ፊት ስም እስኪያገኝ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ተሻረ። በ1952 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ የሥራ ውል የራሱን ምዕራፍ አገኘ። በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኛው በማኅበር የመደራጀት መብቱ ጸና። ከዚያም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሕጉም ይለወጥ ጀመር፤ አዋጅ ቁጥር 64 በ1968፣ አዋጅ ቁጥር 42 በ1985 ዓ.ም. ወጣ። ይህኛው በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 377፣ እሱም በተራው ዛሬ በምንሠራበት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተካ።

እነዚህን አንቀጾች የሕግ ሰው ሆኜ ሳይሆን እንደ ግጥም አንባቢ ሳነባቸው ሁለቱ ልቤን ይነኩታል። አንቀጽ 7፣ ውሉ በቃል የተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 8 ደግሞ ይህ ባይፈጸም እንኳ ሠራተኛው መብቱን አያጣም ይላል። ወረቀት መጻፍ የአሠሪው ዕዳ ነው፤ የወረቀት መጥፋት ግን የሠራተኛው ኃጢአት አይደለም። ከዚህም ሌላ አሠሪው የደመወዝ መዝገብ መያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በፈለገ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል።

ሕጉ ይህን ይላል። አባቴ ግንበኛ ነበር። ከ1989 እስከ 2000 ዓ.ም. ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ሠርቷል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑም የደመወዝ መክፈያው ላይ አውራ ጣቱን እያተመ ገንዘቡን ይቀበል ነበር። ወገቡን ታሞ ሲቀር የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ጠየቀ። “የቀን ሠራተኛ ነበርህ፣ ፋይል የለህም” ተባለ። የ11 ዓመት ጣቱ ያረፈበት መዝገብ በአሠሪው ቁም ሣጥን ተቆልፎ፣ አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። መዝገቡን ለማየት መብት እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤ አላውቅም ነበር። ከሞተ በኋላ ሕጉን ባነበብሁት ቀን ያዘንሁት በተቋራጩ ብቻ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ነገር ግን የቤታችን ሠራተኛ ቡና አቅርባ ስትወጣ ብዕሬ ቆመ። ከእኛ ጋር ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ማታ ማታ ትማራለች። በእጇ ከእኔ የተቀበለችው አንዳች ጽሑፍ የለም። እርግጥ ነው፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው፤ አንቀጽ 7 እኔን አያስገድደኝም። የአባቴም አሠሪ የሚያመካኝበት አላጣም ነበር።

አንድ ወረቀት አወጣሁና ጠራኋት። ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

“ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?” አለችኝ።

ለእሷ አሠሪ የሚጽፈው ወረቀት የስንብት ብቻ ነው። ነገሩን አስረዳኋትና መጻፍ ጀመርሁ፤ የተቀጠረችበትን ቀን ግን አላስታወስሁትም። እሷ ታስታውሰው ነበር። “ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የመጣሁት፤ እትዬ ለጾሙ ሽሮ እያስፈጩ ነበር” አለች። የዓመት ፈቃድ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ አፈርሁ። አዋጁ ለፋብሪካ ሠራተኛ ገና በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ እኔ በሦስት ዓመት የሰጠኋት እናቷ የታመሙ ጊዜ አራት ቀን ብቻ ነበር። 16 ብዬ ጻፍሁ። በሁለት ቅጂ ፈረምን። እሷ እንደ አባቴ ጣቷን አላተመችም፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ቀስ ብላ፣ ጎላ አድርጋ ጻፈች።

የእኔን ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። እሷ የራሷን አራት አጥፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከትምህርት ቤት ካርዷ ጋር አኖረችው።

ቸር ይግጠመን።