ክሪኤቲቭ ዳይሬክሽን፦ የፈጠራ መሪነት

ክሪኤቲቭ ዳይሬክሽን በፋሽን፣ በቴክኖሎጂና በሥነ ጥበብ ሥራ ውስጥ አዘውትሮ የሚነሳ ቃል ሆኗል። አንድ ድርጅት ለሰው የሚያሳየው ሁሉ፣ የዕቃው ቅርጽ፣ ቀለሙ፣ ማሸጊያው፣ ፎቶግራፉ፣ የሱቁ ገጽታና የስልክ መተግበሪያው ከአንድ ሐሳብ እንዲመነጭ የመወሰንና ያንን ውሳኔ የመጠበቅ ሥራ ነው። በአማርኛ «የፈጠራ መሪነት» ብንለው ይስማማዋል፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ደግሞ «የፈጠራ መሪ» ይሆናል።

«የፈጠራ ዳይሬክተር» የሚለው አጠራርም አለ። ነገር ግን ዳይሬክተር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። «መሪ» ወደ ሥራው ይበልጥ ይቀርባል። በቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ዜማውን ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከበሮውን ሌላ ሰው ቢመታም ማኅበሩ የሚሄደው በተመራው ዜማ ነው። የፈጠራ መሪም ልብሱን ላይሰፋ፣ ፎቶውን ላያነሳ፣ ሶፍትዌሩን ላይጽፍ ይችላል፤ ሁሉም የሚቀበለውን ሐሳብ ግን ይመራል።

ቃሉ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ይምታታል። ዓርማ ሥዕል ነው። የንግድ ምልክት የሕግ ቃል ነው፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ተመዝግቦ ጥበቃ ያገኛል። ብራንድ ደግሞ ስሙ ሲጠራ በገዢው ልብ የሚመጣው ግምትና እምነት ነው። ዓርማ በአንድ ቀን ሊሣል፣ ምልክትም በማመልከቻ ሊመዘገብ ይችላል፤ ብራንድ ግን ለዓመታት ሳይዛነፉ በሚደጋገሙ ውሳኔዎች ይገነባል። እነዚያን ውሳኔዎች የሚሰጠው የፈጠራ መሪነት ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በረባሶ ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው ይህ ጫማ የድሃና የአማፂ ተዋጊ መጫሚያ ሆኖ ኖሯል። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ጎማውን መደበቅ ትችል ነበር። እሷ ግን የኩራት ምንጭ አደረገችው፤ «ሬብልስ» ማለትም አማፂያን የሚለው ስም ራሱ ያን ታሪክ ይሸከማል። በእጅ የተፈተለው ጥጥና በእጅ የተሸመነው ጨርቅም የተመረጡት ከዚያው ሐሳብ ተነስተው ነው።

ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ብራንድ ስትጀምር የአገር ቤት ሸማኔዎች ገበያ እየቀዘቀዘባቸው ነበር። የሸማኔውን እጅና የጨርቁን ባሕርይ ጠብቃ አገልግሎቱን ለወጠች፤ ሸማው ለባሕር ዳርቻ የሚለበስ ቀሚስ ሆኖ በውጭ አገር ሱቆች ተሸጠ። ምን እንደሚጠበቅና ምን እንደሚለወጥ መለየት የዚህ ሙያ ዋና ብልሃት ነው።

ሥነ ጥበብና ቴክኖሎጂ ሲገናኙም ጥያቄው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2024 የቢኤምደብልዩን 20ኛ «የጥበብ መኪና» ሠራች። «ኤቭሪዌን» ከተሰኘው ሥዕሏ ተነስታ፣ መኪናው በሥዕሉ ውስጥ አልፎ ቀለሙ ተጣብቆበት የወጣ እንዲመስል አደረገችው። ምስሉ በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ መኪናው ከለበሰው በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ተሰለፈ። መሐንዲሱም ሆነ የምስል ባለሙያው የተከተሉት ያን አንድ ሐሳብ ነው።

ይህ ሙያ የትልልቅ ከተሞች ብቻ አይደለም። በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ጋርጉር በዋናነት ከኤርትራ የመጡ ስደተኞችን ለአሥርት ዓመታት ያስጠለለ ሰፈር ነው። እዚያ አንዲት እናት የምትሰፋው መሶብ ገበያ ሲወጣ የሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ። ለማን ነው የተሠራው? ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ምንድን ነው? ከቀለማቱ የትኞቹ ይቅሩ? ፎቶው የሚያሳየው የሰፊዋን ችግር ነው ወይስ ሙያዋን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የስደተኛ ምስል ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው በሌሎች እጅ ነው፤ ዕቃው በርኅራኄ ይሸጣል፣ ርኅራኄ ደግሞ ደንበኛ አያጸናም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሜድ51 የተባለውን ብራንድ ያቋቋመው የስደተኞች የእጅ ሥራ በጥራቱ ገበያ እንዲያገኝ ነው፤ ቁጥሩ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ያስታውሳል። በዚህ አሠራር ስደተኛ ባለሙያዎች ከአካባቢ ማኅበራዊ ድርጅቶች ጋር በዲዛይን፣ በጥራትና በገበያ ይተባበራሉ።

አንድ እርምጃ ግን መጨመር አለበት። ሙያው በእጇ ያለ ሴት ውሳኔው በሌላ እጅ ከሆነ የምትቀበለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ስሙን፣ ቀለሙን፣ ፎቶውንና ዋጋውን ስትወስን ግን የብራንዱ ባለቤት ትሆናለች። ስለዚህ ለእጅ ባለሙያዎች ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሁሉ ስፌትና ሽመና ሲያስተምሩ የፈጠራ መሪነትንም ያስተምሩ፤ ሲወሰንም ሠሪዎቹ ድምፅ ይኑራቸው።