ዓሣ ያደነዘዘ፣ አባጨጓሬ የገደለ

የብርብራን ዘር ወቅጦ ውኃው ረጋ ባለበት የወንዝ ክፍል የበተነ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ሲንሳፈፍ ያያል። መንጠቆ የለ፣ መረብ የለ፤ መልቀም ብቻ ነው።

ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ማሌዎች «ቱባ» የሚሉትን ሐረግ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዴሪስን፣ ሥሩን ቀጥቅጠው ወንዝ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ቻይናውያን አትክልተኞች ደግሞ ያንኑ ጭማቂ ተባይ ለማጥፋት ጓሯቸው ላይ ይረጩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 ሲንጋፖር ውስጥ የገውዝ እርሻ የነበረው ሐኪም ቶማስ ኦክስሊ፣ ቅጠል ለሚበላው አባጨጓሬ የቱባ ሥር ውኃ እንዲረጭ በጽሑፍ መከረ። በታሪክ የቀረው የአትክልተኞቹ ሳይሆን የእሱ ስም ነው።

ገውዙን ግን ቱባ አላዳነውም። ብዙም ሳይቆይ ከአባጨጓሬ የከፋ በሽታ ገብቶ የሲንጋፖርን የገውዝ ተክል ፈጀው። የሐኪሙን ስም ዛሬ የያዘው የሲንጋፖር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ የኖሩበት መንገድ፣ ኦክስሊ ሮድ ነው።

መርዙን ለይቶ ማውጣት ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ፈረንሳዊው ኤማኑኤል ዦፍሯ በፈረንሳይ ጊያና ከሚበቅል ተክል፣ ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ ደግሞ በ1902 ከዴሪስ አወጡት። «ሮቴኖን» ያለው ናጋይ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሕዋስ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን መንገድ ይዘጋል። በስንጥቡ በኩል ፈጥኖ የሚገባበት ዓሣ ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ የታፈነ ያህል ይሆናል፤ አባጨጓሬውም መብላቱን ያቆምና ሽባ ሆኖ ይሞታል። የብርብራ ዘርም ይኸው ሮቴኖን እንዳለው በ1943 አንድ አሜሪካዊ ኬሚስት አሳተመ። ብርብራ ቡና አብቃዮቻችን ለጥላ የሚተክሉት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው።

«ከተክል የመጣ ምን ይጎዳል» ተብሎ ሮቴኖን ለአሥርት ዓመታት የአትክልተኞች ወዳጅ ሆኖ ቆየ። በ2000 ግን በደም ሥራቸው ሳያቋርጥ የተሰጣቸው አይጦች የፓርኪንሰንን በሽታ የመሰለ ምልክት አሳዩ። በቀጣዮቹ ዓመታት በአውሮፓ ኅብረትም በአሜሪካም ከሰብል ማሳ ወጣ። አሜሪካኖች ያልተፈለገ ዓሣ ከሐይቅ ለማጥፋት ግን ዛሬም ይጠቀሙበታል።